ሐሳበ ብሬክ

ሰው በባሕርዩ ቆጣሪ ፍጡር ነው። ድግስ የደገሰ የመጣለትን እንግዳ ይቆጥራል፤ የተጠራው በበኩሉ የቀረበለትን የወጥ ዓይነት ይቆጥራል፤ ልቅሶ ደራሹም እንኳ ዓይኑን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ፣ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ በልቡ መዝግቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ መቁጠር የሚወድ ሰው በመቁጠሩ ብቻ አይከፋኝም። የሚከፋኝ፣ ወሬው ሞቆ፣ ሻዩ ቀርቦ፣ የቀልዱ መጨረሻ ከከንፈሬ ላይ በደረሰበት ቅጽበት፣ “ቆይ!” ብሎ እጁን የሚዘረጋብኝ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚያፈጥ፣ ከዚያም ከደረት ኪሱ ደብተር አውጥቶ አንዲት ጭረት ከጫረ በኋላ፣ “በል አሁን ቀጥል” የሚለኝ ሰው ነው። የተቋረጠ ቀልድ ደግሞ ቢቀጥሉት አይቀጠልም።

ይህን የሚያደርጉብኝ፣ እኛ በቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች መሪጌታ እያልን የምናከብራቸው አዛውንት ናቸው። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ከዜማው ቤት ወደ ቅኔው፣ ከቅኔው ወደ ባሕረ ሐሳቡ እየተዘዋወሩ ተምረው፣ ኋላ ግን ዘመኑ ወደ አሜሪካ ጥሏቸው፣ የጉልምስና ዕድሜአቸውን በመኪና ማቆሚያ በር ላይ ቲኬት በመቁረጥ ፈጽመው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዐቢይ ጾም የሚገባበትን ዕለት ያለ ወረቀትና ያለ ብዕር በጣታቸው አንጓ ሲያወጡ ያየ ሁሉ ይደነቃል። አሁን ግን ያ ሁሉ የቁጥር ጸጋ ወደ ሌላ አገልግሎት ተመልሷል፤ የናይን ቦል ፑል ውድድር በተላለፈ ቁጥር፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚመታትን የመጀመሪያዋን ምት፣ ማለት ብሬኳን፣ ተከታትለው በመዝገብ ያሰፍራሉ።

“መሪጌታ፣ ይህ ነገር ለነፍስም ለሥጋም ምን ይረባል?” ብዬ ጠይቄአቸው ነበር።

“በባሕረ ሐሳቡ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ?” ሲሉ በጥያቄ መለሱልኝ።

“30 ይሆናሉ።”

“ዘወትር 30። ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ 30። ልጄ፣ እኔ ደግሞ በስተርጅና የሚዛነፍ ነገር መቁጠር አማረኝ።”

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ሥርዓቱን ባጭሩ ልናገር። ጠረጴዛው 6 ቀዳዳ ያለው፣ የመጫወቻው ሜዳ 254 በ127 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነው። ከ1 እስከ 9 ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች፣ 1 ቁጥር በጫፍ፣ 9 ቁጥር በመካከል ሆነው፣ በሰያፍ አራት ማዕዘን ቅርጽ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ተጫዋቹ ነጯን ኳስ ዘወትር አስቀድሞ ማሳረፍ ያለበት በጠረጴዛው ላይ ከቀሩት መካከል ቁጥሯ ከሁሉ ባነሰው ኳስ ላይ ነው፤ አሸናፊ የሚባለው ግን 9ኛዋን ያገባ ብቻ ነው። ስለዚህ 8 ኳስ በጥበብና በላብ አግብቶ 9ኛዋን የሳተ ሰው፣ ለባላጋራው ደጁን ጠርጎ የሄደ ሎሌ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የበለጠ ግፍ ያለበት ጨዋታ እኔ አላውቅም፤ ምናልባት የሚወደደውም ስለዚሁ ይሆናል።

ሌላው ምት ሁሉ የዕውቀት ነው። ሊቅ የተባለው ተጫዋች ኳሷ በየትኛው ቀዳዳ እንደምትገባ ብቻ ሳይሆን፣ ነጯ ከመታች በኋላ ከየትኛው ጠርዝ ነጥራ፣ ከየትኛው ኳስ በስንት ጣት ርቃ እንደምትቆም ሳይቀር አስቀድሞ አውቆ ይመታል። ብሬክ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ነጯ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ሄዳ ድርድሩን ስትመታ፣ 10 ኳስ በአንድ ጊዜ እየተላተመ ሲበተን፣ ዕውቀት ኳሶቹን እስከ በር ሸኝቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የኳሶቹና የፈጣሪ ነው። እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ። ከጨዋታው ሁሉ የሰው ሥልጣን እጅግ ያነሰባት ምት ይህች ሆና ሳለ፣ ከጨዋታው ሁሉ አብዝታ የምትቆጠረው፣ የምትመዘነውና ሰው የሚከራከርባት ምት ደግሞ ይህችው ናት።

በእርግጥ ፑልን በቁጥር መመዘን የመሪጌታ ፈጠራ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓት ፍሌሚንግ የተባለ አሜሪካዊ ተጫዋች፣ አኩ-ስታትስ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ፣ አንድ ተጫዋች ያገባቸውን ኳሶች ባገባቸውና በፈጸማቸው ስሕተቶች ድምር አካፍሎ ማዕረግ የሚሰጥ ስልት አውጥቷል። 90 ኳስ አግብቶ 10 ጊዜ የተሳሳተ .900 ያገኛል፣ ይህም ከዓለም ታላላቆች ተርታ የሚያስቆጥር ነው፤ አንዳች ያልተሳሳተ ደግሞ 1.000 ይባላል። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ፣ “1.000 የሚገባው አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ፑል አይጫወትም” ብለው ደብተራቸውን ገለጡ።

ደብተራቸው እንዲህ የተሰመረ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ በብሬክ ቢያንስ አንድ ኳስ የገባለት ይጻፋል። በሁለተኛው ምንም ያልገባለት፣ እርሳቸው “ባዶ እጁን የተመለሰ” የሚሉት፤ በሦስተኛው ነጯን ራሷን ከቀዳዳ የጨመረ፣ ማለት ባላጋራው ኳሷን በእጁ አንሥቶ ወደ ወደደበት እንዲያኖር የፈቀደለት ምስኪን። አራተኛው ዓምድ በቀይ ብዕር የተሰመረ ሲሆን፣ ከብሬክ ተነሥቶ እስከ 9ኛዋ ድረስ ባላጋራውን ከወንበሩ ሳያስነሣ የጨረሰ ሰው የሚሰፍርበት የክብር መዝገብ ነው። በስተመጨረሻ ያለችው ጠባብ ዓምድ ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈ ትናገራለች፤ መሪጌታም ብዙ ጊዜ የሚቆዝሙት በዚህችው በጠባቧ ላይ ነው።

የሚቆዝሙበት ምክንያት አለው። ተመልካች ሁሉ ብሬክ ያደረገ ሰው ግማሹን መንገድ እንደ ሄደ ያምናል። ነገር ግን በታላላቆቹ መካከል እንኳ፣ ብሬክ ያደረገው ራሱ ጨዋታውን የሚያሸንፍበት ልክ ከግማሽ እጅግም አይርቅም። ይህም የሆነው ባዶ እጁን የተመለሰው፣ የተበተነ ጠረጴዛ ለባላጋራው አስረክቦ ስለሚቀመጥ ነው፤ ኳስ የገባለትም ቢሆን 1 ቁጥር ከሌሎች ኳሶች ኋላ ተሸሽጋ ብትጠብቀው፣ ያገኘው ተራ ሳይሆን የራስ ምታት ነው። ለዚህ መድኃኒት ይሆን ዘንድ፣ ከብሬክ ቀጥሎ ላለችው ምት ብቻ፣ ተጫዋቹ ማንንም ኳስ የመንካት ግዴታ ሳይኖርበት ነጯን ወደ ፈለገበት ገፍቶ ተራውን ለባላጋራው “ውሰድ ወይም መልስልኝ” ብሎ እንዲያቀርብ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ወዲያው ሁለቱ ተያይተው ይተዛዘባሉ። መሪጌታ ለዚህ ምት ዓምድ አላሰመሩም፤ “ይህ ሽምግልና ነው፣ ሽምግልና አይቆጠርም” ይላሉ።

በኃይል መምታት ይረባል ወይ? የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ወገን አለው። ወጣቶቹ ዘንጋቸውን ከኋላ አምጥተው፣ አንድ እግራቸውን ከመሬት አንሥተው፣ ግንባራቸውን ደም አስመስለው ይመታሉ፤ ኳሶቹ ይንጫጫሉ፤ ነጯ አንዳንዴ ከጠረጴዛው ዘልላ በተመልካች እግር ሥር ትገኛለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእነዚህ ይመስለኛል። ኃይልን ከሥርዓት ጋር ያስማማ ሰው ግን አለ፤ እርሱም ከሳውዝ ዳኮታ የመጣው ሼን ቫን ቦኒንግ ነው። የአሜሪካን ኦፕን 5 ጊዜ፣ የዓለሙን ሻምፒዮና በ2022 ያሸነፈ፣ በዘመኑ ብሬክ ከተነሣ ስሙ ሳይጠራ የማይታለፍ ነው። ከልጅነቱ ጆሮው መስማት የሚቸግረው ሰው መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል፤ አዳራሹን የሚያናውጠውን ያን ፍንዳታ ከሁላችንም አሳንሶ የሚሰማው የፍንዳታው ባለቤት ነው።

አሁን ወደ ኳሶቹ ጠጋ እንበል፤ ምሥጢሩ ሁሉ ያለው እዚያው ነውና። የእያንዳንዷ ኳስ ወርድ 57 ሚሊ ሜትር ከጥቂት ነው። ዘጠኙ ሲደረደሩ እርስ በርሳቸው ፈጽመው ከተነካኩ፣ የመጀመሪያዋ የተቀበለችው ምት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሳይባክን ያልፋል፤ በሁለት ኳሶች መካከል የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ቢገኝ ግን ምቱ መንገዱን ይስታል። ስለዚህ ብሬክ አድራጊው ከመምታቱ አስቀድሞ ከድርድሩ ፊት ይንበረከካል፤ አገጩን እስከ ጨርቁ ዝቅ ያደርጋል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በ1 ቁጥርና ከኋላዋ ባሉት ሁለቱ መካከል ብርሃን ያልፍ እንደ ሆነ ይመረምራል። ይነሣል፤ ወደ ግራ ይዞራል፤ ደግሞ ይንበረከካል። የደረደረው ባላጋራው ከሆነ፣ “አላግባብ ደርድረህብኛል” ለማለት አንደበቱ እየበላው፣ ለጨዋነት ሲል ብቻ “ይህችን አንድ ጊዜ ብታስተካክላት” ይላል። ባላጋራው ያስተካክላታል፤ ያችን ሲያስተካክል ሌላዋ ትፈታለች። በዚህ ላይ ያልፈረሰ ወዳጅነት ካለ እርሱ በእውነት ወዳጅነት ነው።

ይህን ጠብ ለማብረድ ሲባል የማንም ወገን ያልሆነ ደርዳሪ ተሾመ። እርሱም ታማ። ከዚያ በኳሶቹ ልክ የተበሳ እንደ ቅጠል የሳሳ የላስቲክ ንጣፍ መጣ፤ በእርሱ ላይ የተቀመጡ ኳሶች ያለ ክርክር ይነካካሉ። ሁሉም ዕፎይ አለ፤ ዕፎይታው ግን ብዙ አልቆየም።

ኳሶቹ ፍጹም ሲነካኩ፣ በድርድሩ ግራና ቀኝ ማዕዘን ላይ ያሉት፣ ክንፍ የሚባሉት ሁለት ኳሶች፣ ሄደው የሚገቡበት መንገድ የታወቀ ሆነ። ነጯን ከጠረጴዛው ጎን አጠገብ አኑሮ በመጠነኛ ኃይል የሚመታ ሰው፣ ክንፏን ከማዕዘኑ ቀዳዳ መጨመር የዕድል ነገር መሆኑ ቀርቶለት የልምድ ነገር ሆነለት። በደብተር የሚሰፍረው የመጀመሪያው ዓምድ ሞላ፤ ሁለተኛው ሳሳ። እንግዲህ ስንጠብቀው የኖርነው ይህ አልነበረምን? ደርዳሪው እንዳያጭበረብር፣ ክፍተት እንዳይኖር፣ ብሬክ በፍትሕ እንዲሆን ስንጮህ ኖረን፣ ፍትሑ ቢመጣ ጨዋታው አስጠላን። ዳኞቹና አዘጋጆቹ ወዲያው ድርድሩን አንሥተው ወደ ፊት አራመዱት፤ ቀድሞ 1 ቁጥር ትቆምበት በነበረው ምልክት ላይ 9 ቁጥርን አቆሙ። የተራመደው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ለዓይን ምንም አይደለም፤ ክንፏ ግን ከለመደችው ቀዳዳ ፈንታ ጠርዙን እየመታች ስትመለስ፣ በአንዲት ስንዝር ባልሞላች እርምጃ የስንት ሰው የልምምድ ዓመታት ከንቱ ሆነ።

ተጫዋች ደግሞ ተስፋ የሚቆርጥ ፍጡር አይደለም። ክንፏ ብትከለከል፣ 1 ቁጥርን ሸርፎ ወደ ጎኑ ቀዳዳ መላክን ተማረ። አዘጋጆቹም ነጯ የምትቀመጥበትን ስፍራ በመስመር ከልለው፣ ከዚህ ሳጥን ውጭ ቆሞ ብሬክ ማድረግ አይቻልም አሉ። በዝግታ ቢመታ፣ አንዳንዶቹ ውድድሮች ቢያንስ 3 ኳስ ወይ ቀዳዳ ካልገባ፣ ወይ የጠረጴዛውን የራስጌ መስመር ካልነካ ብሬኩ አይጸናም የሚል አንቀጽ ጨመሩ። በጥንቱ ሥርዓት 9ኛዋን በብሬክ ያገባ ወዲያው ያሸንፍ ነበር፤ ይህም ወርቃማ ብሬክ ሲባል የኖረ ነው፤ አንዳንዱ አዘጋጅ ግን ይህን እንኳ ሽሮ ኳሷን ወደ ቦታዋ ይመልሳል። የሰውና የሕግ ሩጫ እንዲህ ሆኖ ይኖራል። የሚገርመኝ፣ አዘጋጆቹ እያንዳንዱን ለውጥ በፍትሕ ስም ማወጃቸው ነው፤ እኔ ግን ነገሩን በቅርብ ሳየው፣ ዕድል ከጠረጴዛው ላይ በተባረረች ቁጥር እጇን ይዘው በጓሮ በር መልሰው የሚያስገቧት እነርሱ ሆነው አገኘኋቸው።

መሪጌታ በዚህ በጣም ተጎድተዋል። 1 ቁጥር በምልክቱ ላይ ትቆም በነበረበት ዘመን የሞሉት ደብተር 9 ቁጥር ከተተካች በኋላ ላለው ዘመን አይናገርም። እኔ፣ “ሁለቱንም ደምረው መካከለኛውን ቢያወጡስ?” ስላቸው፣ “ዘመነ ማቴዎስን ከዘመነ ማርቆስ ደምሬ ለሁለት ባካፍለው ምን ወንጌላዊ ይወጣኛል?” ብለው ገሠጹኝ። መልስ አጣሁ።

ስለ ዝግታ ካነሣሁ የኮሪ ዱኤልን ነገር ሳልናገር ባልፍ መሪጌታ ይቀየሙኛል። በ2001 በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን፣ ሌሎቹ ሁሉ ጠረጴዛውን ሊሰብሩ ሲታገሉ፣ ይህ ወጣት ነጯን በለዘብታ እየላከ፣ ኳሶቹን ሳይበትን ብዙውን በወደደበት ስፍራ እያቆመ፣ አንዷን ግን በእርግጠኝነት ቀዳዳ እየጨመረ ይጫወት ነበር። በፍጻሜው ላይ የገጠመው ፊንላንዳዊው ሚካ ኢሞነን ነበር፤ ኢሞነን በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በማንም አፍ የማይናቅ ሰው ነው። ውጤቱ 11 ለ 0 ሆነ። ወጣቶቹ ይህን የዝግታ ብሬክ እንደ ነውር ይቆጥሩታል፤ መሪጌታ ግን ቴፑን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይበራል። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይላሉ፣ ቀጥለውም፣ “ኢሞነን ግን እንቁላሉ እስኪራመድ ተቀምጦ ጠበቀ” ብለው ይስቃሉ።

ቁጥርን የሚወድ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ታሪክ አለ። በ1996 በዳላስ በተደረገ ውድድር፣ ለባላጋራው ዕድል ሳይሰጥ በተከታታይ 10 ጨዋታ ለሚጨርስ ተጫዋች አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተቆረጠ። አዘጋጆቹ ሚሊዮን ዶላር በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ስላልነበሩ ነገሩን በኢንሹራንስ አስያዙት። እኛም ከመሪጌታ ጋር ተቀምጠን የኢንሹራንሱን ልብ በሒሳብ ልናገኘው ሞከርን። አንድ ሰው ከ4 ጨዋታ አንዱን ብቻ እንዲህ የሚጨርስ ቢሆን፣ 10 በተከታታይ የመጨረስ ዕድሉ ከ1,048,576 አንድ ነው፤ ይህን ያየ ኢንሹራንስ በደስታ ይፈርማል። ግማሹን የሚጨርስ ቢሆን ግን ዕድሉ ከ1,024 አንድ ይሆናል። ሰውየው ሲሞቅለት፣ ጠረጴዛው ሲስማማው፣ ልቡ ሲነሣ፣ ከመጀመሪያው ሒሳብ ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው አንድም ወረቀት ሳይፈርም ነው። በዚያ ቀን የሞቀለት ኧርል ስትሪክላንድ ነበር። ጨረሰው። ኢንሹራንሱ ከመክፈል መከራከርን አስቀደመ፤ ነገሩም ከጠረጴዛ ወደ ጠበቃ ተዛወረ። ስትሪክላንድ በጠባዩ ቁጡ፣ ከተመልካች ጋር እንኳ የሚሟገት ሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን መቆጣቱን የሚነቅፍ አላገኘሁም።

በዚያው ዓመት ያው ስትሪክላንድ ሆንግ ኮንግ ላይ ከፊሊፒንሱ ኤፍሬን ሬየስ ጋር ቀድሞ 120 ጨዋታ ያሸነፈ 100,000 ዶላር ይወስዳል ተብሎ ለሦስት ቀን ተጋጠሙ። ሬየስን ጠንቋይ እያሉ ይጠሩታል፤ ብሬኩ ከእኩዮቹ ይልቅ ደካማ ነው ሲባል የኖረ፣ ከብሬክ በኋላ በሚሆነው ሁሉ ግን አቻ የሌለው ሰው ነው። 120 ለ 117 አሸነፈ። አድናቂዎቹ ጠንቋዩ እንደሚበልጥ ተረጋገጠ አሉ፤ የስትሪክላንድ ወገኖች ዕድል ጎደለን አሉ። መሪጌታ ግን ብዕራቸውን አንሥተው፣ በፍጹም እኩያ የሆኑ ሁለት ሰዎች 237 ጨዋታ ቢጫወቱ፣ ልዩነታቸው 10 ወይም 15 ቢሆን እንኳ ሊደንቀን እንደማይገባ አሳዩኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ተጫውተው የተለያዩት፣ ዳኛ በሳንቲም ከሚለያቸው ብዙ ባልበለጠ ነገር ነው ማለት ነው። ሬየስ 100,000 ዶላሩን ሲቀበል ይህን የነገረው ሰው አለመኖሩ ደግ ሆነ።

237 ጨዋታ ይህን ያህል ዝም ካለ፣ የአንድ ምሽት ግጥሚያ ምን ሊናገር ነው? እነሆ በየቴሌቪዥኑ ጥግ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ እገሌ ከ9 ብሬኩ በ7ቱ ጨዋታውን አሸነፈ ይላል፤ ተንታኙም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዛሬ ብሬኩን አግኝቶታል ይላል። ሳንቲም 9 ጊዜ ወደ ላይ ብትወረውሩ፣ 7ና ከዚያ በላይ ጊዜ ዘውድ የሚወጣበት መንገድ ከ512 መንገድ 46ቱ ነው፤ ማለት ከመቶ 9 ያህል። በአንድ ትልቅ ውድድር ውስጥ መቶ የሚያህል ሰው ሲመታ ቢውል፣ 9 የሚያህሉት ምንም ሳያደርጉ “ብሬኩን ያገኙ” ይባላሉ። የተሸነፈውም በበኩሉ፣ ለምን ተሸነፍህ ቢሉት፣ “በብሬክ ኳስ ያገባሁት ግን ከእርሱ ይበልጣል” ይላል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን በአሸናፊና በፈረቃ መካከል ያለው የማያልቅ ሙግት ነው። አንዱ ወገን፣ ጨዋታ ያሸነፈ የሚቀጥለውንም ብሬክ እርሱ ያድርግ ይላል፤ ሌላው፣ አይደለም፣ ባለተራው እየተፈራረቀ ያድርግ፣ አለዚያ አንዱ ብሬክ በያዘ ሌላው ሻይ እየጠጣ ይሸነፋል ይላል። አንዳንዱ ውድድር በፈረቃ ይሄዳል፤ በሌሎች ውድድሮች ደግሞ አሸናፊው ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ስንት ጠረጴዛ ተደልቋል፤ በየቡና ቤቱ ስንት ጓደኛ ተኳርፏል።

የመሪጌታ የእህት ልጅ፣ ምሽቱን ሁሉ ፑል ቤት የሚያመሽ፣ ጸጉሩን በወግ ያበጠረ፣ የፈረቃ ወገን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እርሳቸው ጋቢያቸውን በወንበር ላይ አኑረው፣ ዘንጉን ጠመኔ እየቀቡ፣ ከእርሱ ጋር ሊጫወቱ በተዘጋጁበት ሰዓት ይህንኑ አነሣ። “አጎቴ፣ አሸናፊ ብሬክ ማድረጉ ግፍ ነው።”

መሪጌታ ዘንጉን አስቀምጠው ወንበር ሳቡ። ቀድሞ 9 ጨዋታ ያሸነፈ ያሸንፋል እንበል አሉት። መጀመሪያ ብሬክ ያደረገው ሰው፣ ሥርዓቱ በፈረቃም ይሁን በአሸናፊነት፣ ግጥሚያው እስኪፈጸም ድረስ ከ9 የበለጠ ብሬክ አያደርግም፤ ሌላው ደግሞ ከ8 አይበልጥም። አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ለይስሙላ እየተጫወቱ፣ አንዱ 9፣ ሌላው 8 ብሬክ እስኪሞላላቸው ቢቀጥሉ፣ ከ17ቱ ጨዋታ ብዙውን ያሸነፈው ያው አስቀድሞ 9 የሞላው ሰው ይሆናል። የሁለቱም የብሬክ ኃይል ከጨዋታ ወደ ጨዋታ እስካልተለወጠ ድረስ፣ 9ና 8 ብሬክ በምንም ተራ ቢመጣ ድምሩ ያው ነውና፣ የማሸነፍ ዕድላቸው በሁለቱም ሥርዓት አንድ ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን በ1970ዎቹ ስለ ሌሎች ጨዋታዎች አስረድተውት ነበር፤ የሚለየው፣ በአሸናፊው ሥርዓት የውጤቱ ርቀት መስፋቱ ነው እንጂ የአሸናፊው ማንነት አይደለም።

ልጁ ደግሞ ደጋግሞ በጣቱ ቆጠረ፤ ግድግዳውን አየ፤ አጎቱን አየ። እኔ በበኩሌ፣ ስንት ዓመት የተደለቀው ጠረጴዛ ሁሉ በከንቱ እንደ ተደለቀ ገብቶኝ አዘንሁ።

“እንግዲያው፣ አጎቴ፣” አለ በመጨረሻ፣ “ሁሉም አንድ ከሆነ፣ የተሸነፈው ብሬክ ያድርግ ብንልስ?”

“ሐሳቡ ያው ነው፤ የተሸነፈው ቢያደርግም 9ና 8 ከመሆን አያልፍም።”

“በሉ ዛሬ እንዲያ እንጫወት።”

“ዛሬስ አሸናፊ ያድርግ” አሉና ተነሥተው ብሬክ አደረጉ፤ በዝግታ፣ ኳሶቹን እምብዛም ሳያስቀይሙ። ጨዋታው ቀጠለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጁ ነገሩን መልሶ አነሣ፤ ሁሉም በሐሳብ እኩል መሆኑን ራሳቸው መስክረው ሲያበቁ፣ ሥርዓቱን ቢለውጡለት ምን እንደሚጎድልባቸው ጠየቃቸው። መሪጌታ የሊቃውንትን ሥርዓት በመካከል መለወጥ እንደማይገባ፣ የአባቶችን ድንበር ማፍረስም ኃጢአት እንደ ሆነ ረዘም አድርገው አስተማሩት። ይህን ሲያስተምሩ 4 ለ 1 ይመሩ ነበር።